«ካቶሊክ» የሚለውን ስም ማን ይሰጣል? ከቤልጅየም የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ከጥቂት ወራት በፊት የካቶሊክ የጤናና የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማትን የሚያሰባስብ አንድ ኅብረት የአባልነት ደንቡን ሲያሻሽል ረቂቁን አንብቤ አስተያየት እንድሰጥ ጠየቀኝ። ስለ ዓመታዊ መዋጮ ገጽ ሙሉ ተጽፏል፤ ስለ ድምፅ አሰጣጥም እንዲሁ። ለአባልነት ማን ብቁ እንደሆነ የሚናገረው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ማንኛውም የካቶሊክ የጤና ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም አባል መሆን ይችላል።» ከማመልከቻው ቅጽ ግርጌ ደግሞ «ተቋሙ ካቶሊክ ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይደለም» የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ምልክቱን የሚያደርገው አመልካቹ ራሱ ነው። ማስረጃ አይጠየቅም፤ ማን መሰከረ የሚልም የለም።

ሳጥኖቹን እንዳየሁ ትዝ ያለኝ የቤልጅየሙ «የፍቅር ወንድሞች» ጉዳይ ነው። በአደባባይ የተካሄደ፣ ሦስት ዓመት የፈጀ ክርክር በመሆኑ ሰነዱም ዜናውም በሰፊው ይታወቃል። በእኔ አመለካከት አንድ ተቋም ካቶሊክ መሆኑ በምን ይታወቃል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ስለዚህ ለኮሚቴው የጻፍሁትን ማስታወሻ አስፍቼ እዚህ አቀርባለሁ። ነገሩ የአደረጃጀት እንጂ የግለሰቦች ስላልሆነ በክርክሩ የተሳተፉትን ሰዎች በስም አልጠራም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩታኔዝያ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ሕመምተኛው ራሱ ጠይቆ ሐኪም ሕይወቱ እንዲያልፍ ሲያደርግ ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያኔ ጋር ነኝ። ይህ ጽሑፍ ግን ያንን ክርክር እንደገና ለመክፈት የተጻፈ አይደለም።

የድርጅቱ ታሪክ

ፒተር ዮሴፍ ትሪስት የተባሉ ካህን የፍቅር ወንድሞችን ማኅበር በ1807 በቤልጅየሟ ጌንት ከተማ መሠረቱ። በዚያ ዘመን በከተማዋ «የሰይጣኑ ጌራርድ ግንብ» እየተባለ በሚጠራው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ምድር ቤት የአእምሮ ሕሙማን ወንዶች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። በ1815 ወንድሞቹ ወደዚያ ወረዱ። ሕሙማኑን ከሰንሰለት ፈትተው፣ አጥበው፣ አብልተው እንደ ሰው ማኖር ጀመሩ። በኋላም ትሪስት የቤልጅየም የአእምሮ ሕክምና አባት ከሚባለው ሐኪም ከዮሴፍ ጊስላን ጋር አብረው ሠሩ። በጊስላን ስም የሚጠራው ሆስፒታል በ1857 በጌንት ተከፈተ፤ ዛሬም ቆሟል፤ ከ1986 ጀምሮ ሙዚየምም አለው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለማስዋቢያ አይደለም። ድርጅቱ ካቶሊክ ለመባል ከማንም የበለጠ መነሻ እንደነበረው ለማሳየት ነው። ስሙም፣ መሥራቹም፣ መስቀሉም፣ የሁለት መቶ ዓመት አገልግሎቱም ምስክር ናቸው። የእኛ ኅብረት ቅጽ ቢቀርብለት «አዎ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከማድረግ ማንም አይከለክለውም ነበር።

እስከ 2017 ድረስ ድርጅቱ በቤልጅየም አሥራ አምስት ገደማ የአእምሮ ሕክምና ማዕከላት ያስተዳድር ነበር፤ በዓመት የሚያገለግላቸው ሕሙማን 5 ሺህ ያህል እንደሆኑ ይነገራል። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቶች፣ የአረጋውያን መንከባከቢያዎችና የአካል ጉዳተኞች ማዕከላት ነበሩት። የወንድሞቹ ቁጥር ግን እንደ ሌሎች የአውሮፓ ገዳማውያን ማኅበራት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ። ሥራው በምእመናን፣ ማለትም ካህንም ገዳማዊም ባልሆኑ ሰዎች እጅ ገባ፤ የአስተዳደር ቦርዱም እንዲሁ። ጉዳዩ በተነሣበት ጊዜ ከቦርዱ አባላት አብዛኞቹ ምእመናን ሲሆኑ ወንድሞቹ ጥቂት ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት አካላትን ለይቶ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና። አንደኛው ገዳማዊ ማኅበሩ ነው። በሕገ ቀኖና ቁጥር 634 መሠረት ገዳማዊ ማኅበር በቤተ ክርስቲያን ሕግ የሕግ ሰውነት አለው፤ እንደ አንድ ሰው በራሱ ስም ንብረት ሊይዝ ይችላል ማለት ነው፤ ጠቅላይ አለቃውም ሮም ይቀመጣሉ። ሁለተኛው በቤልጅየም ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ የተመዘገበው ድርጅት ነው። ሆስፒታሎቹን የሚያስተዳድረው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበለው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው።

ችግሩ እንዴት መጣ

ቤልጅየም ዩታኔዝያን የፈቀደችው በ2002 ነው። ሕጉ ሞታቸው የቀረበ ሕሙማንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሊቃለል የማይችል የማያቋርጥ የአእምሮ ስቃይ ያለበት ሰውም መጠየቅ ይችላል። በቅርብ የማይሞት ሰው ሲሆን ግን ተጨማሪ ሐኪም አይቶት አስተያየት መስጠት አለበት፤ በጽሑፍ ካቀረበው ጥያቄ በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ማለፍ አለበት። ሐኪም ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሎ እምቢ ማለት ይችላል። ተቋምስ? በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ክርክር ነበር።

በ2011 ዲስት በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ የካቶሊክ የአረጋውያን መኖሪያ ይህ ጥያቄ ገጠመው። የሰባ አራት ዓመት ሴት የካንሰር ሕመምተኛ ዩታኔዝያ ጠየቁ። መኖሪያው ሐኪማቸው እንዳይገባ ከለከለ። ሴትየዋ በአምቡላንስ ከመኖሪያው ወጥተው ወደ ግል ቤት ተወሰዱና እዚያ አረፉ። ቤተሰቡ ከሰሰ። በ2016 የሉቨን ፍርድ ቤት መኖሪያው የመከልከል መብት አልነበረውም ብሎ 6 ሺህ ዩሮ እንዲከፍል ወሰነ። ለአንድ ተቋም ይህ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። የአገሪቱ የካቶሊክ ተቋማት ቦርዶች ግን ከዚያ በኋላ ደጅ ዘግቶ መቀመጥ እንደማይቻል ተረዱ። በእኔ ግምት የፍቅር ወንድሞች ቦርድም ከአንድ ዓመት በኋላ ባወጣው ሰነድ ላይ የዚህ ፍርድ ጥላ አለበት።

ያ ሰነድ በመጋቢት 2017 ወጣ። ከዚያ በፊት የድርጅቱ አሠራር በጥያቄው የሚጸና ሕመምተኛ ወደ ሌላ ተቋም እንዲዛወር ማድረግ ነበር። አዲሱ ሰነድ ግን በጥብቅ ሁኔታዎች ሥር ዩታኔዝያ በራሱ በድርጅቱ ማዕከላት ውስጥ እንዲፈጸም በሩን ከፈተ። ሦስት ነገሮችን እኩል አስቀመጠ፤ የሕይወት ክብር፣ የሕመምተኛው የራስ ውሳኔ እና በሕመምተኛውና በተንከባካቢው መካከል ያለው ግንኙነት። የሕይወት ክብር መሠረታዊ ነው አለ፤ ፍጹም ነው ግን አላለም።

የጻፉትን ሰዎች እንደ ክፉ አላያቸውም። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው የሚያየውን ስቃይ የማያውቅ ሰው አይፍረድባቸው። መከራከሪያቸው ቀላል አልነበረም። ለዓመታት አብሮን የቆየውን ሕመምተኛ በመጨረሻው ሰዓት ወደማያውቀው ቤት መላክ እሱን መተው ነው አሉ። ጥያቄውን ከውስጥ ሆነን ብንሰማ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ይኖራልም አሉ። ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ከወራት በኋላም ሳስበው ከበደኝ።

ነገር ግን የጎደለውን ማየት ያስፈልጋል። የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኋላ ሰነዱን ሲመረምር እግዚአብሔር የሚለው ስም፣ ቅዱስ መጽሐፍም ሆነ የክርስትና የሰው ልጅ አስተያየት በሰነዱ ውስጥ አለመጠቀሳቸውን ጠቁሟል። ወደ ምድር ቤት ወርደው ሰንሰለት የፈቱት ወንድሞች ለምን እንደወረዱ ቢጠየቁ ከዚያ ስም ውጭ ሌላ መልስ አልነበራቸውም። በየዓመቱ አባላቱን የሚገመግም ኅብረት ቢኖር ኖሮ ይህ ጉድለት ከቫቲካን ብዙ ቀድሞ በታየው ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የገዳማዊ ማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ሰነዱን ወዲያው ተቃወሙ፤ ጉዳዩንም ለቫቲካን አሳወቁ። የቤልጅየም ጳጳሳት በግንቦት 2017 በሞት አፋፍ ላይ ላልሆኑ የአእምሮ ሕሙማን ዩታኔዝያ መፈጸሙን እንደማይቀበሉ በጽሑፍ ገለጹ። ቦርዱ ግን ሰነዱን አላነሣም።

በነሐሴ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፈቃድ ጠንካራ ትእዛዝ መጣ። ድርጅቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ አሠራሩን እንዲያቆም ተነገረው። በቦርዱ ውስጥ ያሉት ወንድሞች እያንዳንዳቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በሙሉ እንደሚቀበሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ለጠቅላይ አለቃቸው እንዲፈርሙ ተጠየቁ፤ እምቢ ካሉ በሕገ ቀኖና እርምጃ ይወሰድባቸዋል። ድርጅቱም ካቶሊክ የመባል መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ተገለጸ።

መስከረም 12 ቀን 2017 ቦርዱ መልሱን ሰጠ። ሰነዱን አልተወም። አሠራሩ ከክርስቲያናዊ አስተሳሰብ ጋር እንደማይጋጭ እንደሚያምን ገለጸ። ቀደም ሲል የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ አንድ የቦርዱ አባል «ሮም ከተናገረች ነገሩ አለቀ» የሚባልበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል የሚል መልእክት በማኅበራዊ መገናኛ ጻፉ። መልእክቱ ብዙ ቁጣ አስነሣ። እኔ ግን የጉዳዩን እውነተኛ ገጽታ በአጭሩ ያሳየው እሱ ነው እላለሁ። በቤልጅየም ሕግ ሰውየው ትክክል ነበሩ። ቦርዱን ሮም አልሾመችውም፤ ልታነሣውም አትችልም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ንግግር ተጀመረ። ከጎረቤት ኔዘርላንድስ አንድ ጳጳስ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ቫቲካን ሾመች። ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በመጨረሻ የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መጋቢት 30 ቀን 2020 በጻፈው ደብዳቤ በድርጅቱ የሚተዳደሩት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ከእንግዲህ ራሳቸውን የካቶሊክ ተቋም አድርገው መቁጠር እንደማይችሉ፣ ይህንንም በጥልቅ ሐዘን እንደሚያሳውቅ ገለጸ። ደብዳቤው በግንቦት ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

አንድ የቀን ግጥጥሞሽ አለ፤ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ይህ ደብዳቤ ከመጻፉ በሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በመጋቢት 15 ቀን 2020፣ ቤልጅየም ሕጓን አሻሽላ ነበር። በማሻሻያው መሠረት ማንኛውም ተቋም በተጻፈም ሆነ ባልተጻፈ ውል በግቢው የሚሠራ ሐኪም ዩታኔዝያ እንዳይፈጽም መከልከል አይችልም። በዚያ ወር ሁለቱ ሕጎች አንድ ተቋም ላይ በሁለት አቅጣጫ ወደቁ። የመንግሥቱ ሕግ መከልከል አትችልም አለ። የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ ካልከለከልህ ስሜን አትያዝ አለች።

የሠራው

ውሳኔው ልክ ተቆርጦለት መሰጠቱ ጥሩ ነበር። የተነካው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎቹ የካቶሊክ ስም ነው፤ ትምህርት ቤቶቹና የአረጋውያን መንከባከቢያዎቹ በደብዳቤው አልተካተቱም። ደብዳቤው የሕክምና ፈቃድ የሚሰጥም የሚነሣም ስላልሆነ ሕሙማኑ በአልጋቸው፣ ነርሶቹ በሥራቸው ቆዩ።

ጊዜ መሰጠቱንም እንደ ጥሩ እቆጥረዋለሁ። ሦስት ዓመት ረጅም ነው የሚሉ አሉ። ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ስም ግን በሦስት ወር አይነሣም። መርማሪ ተልኮ፣ ሁለቱም ወገን ተሰምቶ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጥቶ መወሰኑ ውሳኔውን የማይወዱት ሰዎች እንኳ ምን እንደተባለ እንዲያውቁ አድርጓል።

ያልሠራው

ሥልጣኑ የደረሰው የማይወስኑት ሰዎች ላይ ነበር። በመታዘዝ ቃል ኪዳን የታሰሩት ወንድሞች በቦርዱ ውስጥ አናሳ ነበሩ፤ የወሰኑት ምእመናን ናቸው። ጠቅላይ አለቃው ወንድሞቻቸውን ማዘዝ ይችላሉ፤ የድርጅቱን ሰነድ ግን መሻር አይችሉም። እኔ እስከማየው ድረስ ይህን የሚያገናኝ ድልድይ በድርጅቱ የሲቪል መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ ሮም ከመድረሱ በፊት ጌንት ላይ ያበቃ ነበር። ለምሳሌ የሥነ ምግባር መመሪያን መለወጥ የገዳማዊ ማኅበሩን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል የሚል አንቀጽ በቂ ነበር።

የነሐሴው የጊዜ ገደብም አልጠቀመም። በሳምንታት ውስጥ በአደባባይ «ተው፣ አለበለዚያ» የተባለ ቦርድ ለመመለስ መንገድ አያገኝም። ያለ ገደብ ቢሆን መልሱ ይለወጥ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ነገሩ ከዚያ በኋላ የሕሙማን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ማን ያዛል የሚል ክርክር ሆነ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቤተሰቦች ግራ መጋባት ነው። ሴት ልጅ እናቷን ወደ ካቶሊክ ተቋም የምትወስደው በበሩ ላይ ያለውን ስም አምና ነው። ለሦስት ዓመት ያ ስም ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ማንም አልነበረም። ጳጳሱ አንድ ነገር ይላሉ፤ ቦርዱ ሌላ ይላል፤ ሰሌዳው ያው ነው።

ሰብሳቢው ኅብረትስ የት ነበር?

የእኛ ኮሚቴ ትኩረት መሆን ያለበት እዚህ ነው። በፍላንደርስ፣ ማለትም በቤልጅየም ደች ተናጋሪ ክልል፣ የካቶሊክ ሆስፒታሎችን፣ የአእምሮ ሕክምና ተቋማትንና የአረጋውያን መንከባከቢያዎችን የሚያሰባስብ፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከካሪታስ የተወለደ ኅብረት ነበር። በኋላ ስሙ «ዞርግኔት ቭላንደረን» ሆነ። በ2016 የመንግሥት ሆስፒታሎችን ከሚያሰባስበው ሌላ ኅብረት ጋር ተዋሕዶ «ዞርግኔት-ኢኩሮ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ አባል ለመሆን ካቶሊክ መሆን መመዘኛ አይደለም። አዲሱ ኅብረት በሆስፒታል በጀት፣ በሠራተኛ ደመወዝና በጥራት መለኪያ ላይ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገር ጠንካራ ድምፅ ነው። ለዚያ ዓላማ በሩን ማስፋቱ ትክክል ነበር እላለሁ።

የጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2017 ክርክሩ ሲነሣ «የካቶሊክ አባሎቻችን እርስ በርሳቸው ይመካከሩ፤ መመዘኛው ይህ ነው» የሚል መካከለኛ መድረክ አልነበረም። ቦርዱ በአንድ በኩል፣ ሮም በሌላ በኩል ፊት ለፊት ቆሙ። እኩዮች የሉም፤ ሽማግሌ የለም። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ወደ ዳኛ ከመሄዳቸው በፊት የሚያዩአቸው ሽማግሌዎች አሉ። ኅብረት ለአባላቱ እንደዚያ መሆን ይችላል፤ ግን አስቀድሞ ማን አባል እንደሆነና ለምን እንደሆነ ካወቀ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመመዘኛው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ኅብረቱ ለምን ቆመ? ከመንግሥት ጋር ለመደራደር ከሆነ አብሮ የሚሠራ ሁሉ ይግባ። የካቶሊክነት ምስክር ለመሆን ከሆነ በሩ ጠባብ መሆን አለበት። ሁለቱንም በአንድ በር ማስገባት የሚፈልግ ኅብረት ውሎ አድሮ አንዱን ያጣል። በረቂቁ ላይ ሁለት ዓይነት አባልነት እንዲኖር ያቀረብሁት ለዚህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የታወቁ ሙሉ አባላት፣ እና ዓላማውን የሚደግፉ ነገር ግን በካቶሊክነት ጉዳይ ድምፅ የማይሰጡ ተባባሪ አባላት።

ወደ ደንብ ሲተረጎም

መጀመሪያ ያቀረብሁት ለውጥ ሳጥኖቹን ማውጣት ነው። በ1983ቱ ሕገ ቀኖና ቁጥር 216 መሠረት ማንኛውም ሥራ ሥልጣን ያለው የቤተ ክርስቲያን አካል ሳይፈቅድ ካቶሊክ የሚለውን ስም ለራሱ ሊወስድ አይችልም። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትመራበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በቁጥር 19 ይህንኑ ይላል። እንግዲህ ስሙ የሚሰጥ እንጂ የሚወሰድ አይደለም። አመልካቹ ራሱ «አዎ» ከማለት ይልቅ የጳጳሱን ወይም የሌላ ሥልጣን ያለው አካል ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ደብዳቤው ቀን ያለበትና በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ይሁን።

ኅብረቱ ራሱ የዚህ ስም ዳኛ እንዳይሆንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የካቶሊክ የጤና ኅብረት በ2010 በአሪዞና በተነሣ ሌላ ከባድ ክርክር ከአባል ሆስፒታል ጎን ቆሞ ነበር፤ የአካባቢው ጳጳስ ግን የሆስፒታሉን የካቶሊክ ስም አነሡ። በጥር 2011 የኅብረቱ መሪ የአገሪቱ ጳጳሳት ለካቶሊክ የጤና ተቋማት ላወጡት የሥነ ምግባር መመሪያ በሀገረ ስብከቱ ውስጥ ባለሥልጣን ተርጓሚው ጳጳሱ መሆናቸውን በጽሑፍ ገለጹ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ቀድሞ መለየት ነበረባቸው። ኅብረት ለአባሉ ሊከራከርለት ይችላል፤ ስሙን ግን ሊሰጠው አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ አከራከረን፤ አባል የሚሆነው ማነው? ድርጅቱ ነው ወይስ እያንዳንዱ ቤት? ከቤልጅየም በኋላ የአንድ ድርጅት ሆስፒታሎች ካቶሊክ ሳይሆኑ የአረጋውያን መንከባከቢያዎቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አይተናል። የኮሚቴው ሂሳብ ያዥ ድርጅቱ በሙሉ አንድ መዋጮ ይክፈል፣ ይቀልላል አሉ። በሥራ ረገድ ልክ ናቸው። እኔ ግን አባልነቱ በየቤቱ ይመዝገብ፤ መዋጮው በአንድነት ይከፈል አልሁ። ተግባብተናል ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። አመልካቹ የሲቪል መተዳደሪያ ደንቡን ሲያቀርብ አንድ ነገር ብቻ እንፈልግ፤ የሥነ ምግባር መመሪያውን የመለወጥ የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ማነው? ራእይና ተልእኮ በሚያምር ቋንቋ ቢጻፍ ቦርዱ በተራ ድምፅ ብልጫ የሚለውጠው ከሆነ የወረቀት ነገር ነው። ያ ሥልጣን ከቤተ ክርስቲያን አካል ጋር በሕግ ካልታሰረ፣ ካቶሊክነቱ የዛሬው ቦርድ በጎ ፈቃድ ብቻ ነው። ነገ ሌላ ቦርድ ይመጣል። የቤልጅየሙ ድርጅት ያጣው እምነት ያላቸውን ሰዎች አልነበረም፤ ይህችን ማሰሪያ ነው።

ማሰሪያው ሊሠራ እንደሚችል አውስትራሊያ ታሳያለች። እዚያም የእኅቶች ማኅበራት አርጅተው ቁጥራቸው ቀነሰ። አንዳንዶቹ ሆስፒታሎቻቸውንና የአረጋውያን መንከባከቢያዎቻቸውን ለተራ ቦርድ አልተዉም። በቤተ ክርስቲያን ሕግ የሕግ ሰውነት ያላቸው፣ ምእመናን የሚመሯቸው አዳዲስ አካላት እንዲቋቋሙ ከቅድስት መንበር ጠየቁ። በ1857 በሲድኒ የተከፈተውን የቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል የመሠረቱት የፍቅር እኅቶች ሥራ በ2009 እንዲህ ባለ አካል ሥር ገባ። በዚህ አደረጃጀት የሚያስተዳድሩት ምእመናን ናቸው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ስምና በቤተ ክርስቲያን ፊት ኃላፊነት ይዘው ያስተዳድራሉ። ቦርዱ በምእመናን መሞላቱ ስለዚህ ችግር አይደለም። ጥያቄው ለማን ይጠየቃሉ የሚለው ነው።

የመውጫውን አንቀጽም ጨመርሁ። ረቂቁ አባል እንዴት እንደሚገባ እንጂ እንዴት እንደሚወጣ ምንም አይናገርም ነበር፤ መዋጮ ካልከፈለ በቀር። ያቀረብሁት እንዲህ ነው። አንድ አባል የሥነ ምግባር መመሪያውን ለመለወጥ ሲያስብ ከመወሰኑ በፊት ለኅብረቱ ያሳውቃል። ከሌሎች አባላትና ከጳጳሱ በተወከሉ ሰዎች ፊት ምክንያቱን ያስረዳል። ነገሩ በአደባባይ ከመውጣቱ በፊት ጊዜ ይሰጠዋል። ጳጳሱ ስሙን ካነሡ ሙሉ አባልነቱ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ተቋሙም ይህንን በበሩ ላይ፣ በገቢ ሕሙማን ቅጹና ለቤተሰቦች በሚሰጠው ወረቀት ላይ በግልጽ ያስታውቃል። የመጨረሻውን ሐረግ አንዳንዶች ጨካኝ ነው አሉኝ። እናቷን ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ግን ማወቅ አለባት።

ረቂቁ አሁን በኮሚቴው እጅ ነው። ያልተፈታው አንድ አንቀጽ ቀርቷል። ከአመልካቾቹ መካከል አንዲት ትንሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ አለች። የመሠረቷት እኅቶች አሁን ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ ታናሿ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በመተዳደሪያ ደንቧ መሠረት መመሪያውን ለመለወጥ የእነዚህ እኅቶች ፊርማ ያስፈልጋል፤ የእኛን መመዘኛ ታሟላለች ማለት ነው። ከሦስቱ በኋላ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ግን በደንቡ አልተጻፈም። ሙሉ አባል እናድርጋት የሚሉም፣ ያንን አንቀጽ እስክትጽፍ ተባባሪ ሆና ትቆይ የሚሉም አሉ። እኔ ሁለተኛውን ደግፌ ሳበቃ እኅቶቹ ገና በሕይወት ሳሉ ከጳጳሱ ጋር ተቀምጠው እንዲጽፉት የሚረዳ ሰው ኅብረቱ እንዲልክ ጠይቄያለሁ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተይዟል።